ቢጫውን የወሰዱ ወፎች

እኔን የእበት ሽታ አያስከፋኝም። ባለፈው ኅዳር ለዘመድ ተስካር ወገዳ ሄደን ከመኪና ስንወርድ፣ አብረውኝ የመጡት ሁሉ አፍንጫቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ እኔ እስኪበቃኝ ሳብኩት። ማለዳ ነው። ከብቶቹ ጨፌው ላይ ተሰማርተዋል፤ እበቱ ገና እንፋሎት ይተንበታል። ከአንዲት ላም እግር ሥር አንዲት ቀጭን ወፍ ጭራዋን ላይ ታች እያደረገች ትሯሯጣለች። እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

የአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ተማሪ ነው፣ ምን ሆኑ እትዬ አለኝ። ወፏን በእጄ አሳየሁት። ስልኩን አውጥቶ ሲጎረጉር ቆየና ይቺ ወፍ የዚህ አገር አይደለችም፣ እንቁላሏን የምትጥለው ባሕር ማዶ፣ ከአውሮፓ እስከ ሩሲያ ባለው እርጥብ መስክ ላይ ነው፣ እዚያ ብርዱ ሲበረታባት ነው ወደኛ የምትመጣው አለኝ። አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ ተወልደህ ይህን ብትነግረኝ ኖሮ ስንት መከራ በቀረልኝ ብዬ ሳቅሁ። እሱ ምኑ እንዳሳቀኝ አልገባውም። ቀኑን ሙሉ ተስካሩ ቤት ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ፤ እህል አልዋጥልኝ አለ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ እኔ የፊት ጥርሶቼን የቀየርኩበት ዓመት። አባቴ ገብስና ባቄላ ያርሳል። ከኔ በላይ አንጓች የምትባል እህት አለችኝ፤ በመካከላችን የተወለዱት አልበረከቱም። እኔ እታለም ነበር የምላት። ሁለታችን አንድ መደብ ላይ፣ አንድ ቡሉኮ ለብሰን እንተኛለን። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ከእግሬ እሾህ የምታወጣልኝ እሷ፣ ስጠፋ ዞራ የምትፈልገኝ እሷ ናት። እናቴ ወለደችኝ እንጂ ያሳደገችኝስ እታለም ናት ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ይቺ ልጅ መቀመጫ አልፈጠረባትም ትል ነበር። እንዝርት ሰጥተው ሞከሩኝ፣ ጥጡን በጣጥሼ ጣልኩት። ምስር ልቀሚ አሉኝ፣ ጠጠሩን ከምስሩ ጋር አፈሰስኩት። በመጨረሻ የእግር ሥራ ሰጡኝ፤ ጨፌ ወርዶ እበት መልቀም። እበቱን በአሮጌ ቅርጫት አመጣለሁ፣ እናቴ ጠፍጥፋ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች፣ ሲደርቅ ኩበት ይሆናል። አገሩ ብርድ ነው፣ እንጨት የለም፤ ኩበት ከሌለ እሳት የለም። ስለዚህ ሥራዬ ቀላል መስሏችሁ እንዳትንቁት።

ወፎቹን ያወቅኋቸው በዚሁ ሥራ ነው። መስከረም ላይ የወንዙ ውሃ ሲጠራ ይመጣሉ። ዛሬ አንድም የለም፤ ነገ ጨፌው ሙሉ ነው። ሲመጡ ጀርባቸው አመድማ፣ ሆዳቸው ላይ ብቻ ትንሽ ቢጫ የነካካቸው ናቸው። እበት ካለ ዝንብ አለ፣ ዝንብ ካለ እነሱ አሉ። እኔና እነሱ አንድ እበት ላይ ነበር የምንሻማው። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ እኛ ልጆች ከጭራቸው ተነስተን ወዝዋዜ አልናቸው።

በዚያ ዓመት እታለም ታጨች። ልጁ የእስቴ ሰው ነው፤ አባቱ ብዙ በሬ ያለው ገበሬ ነው ይባላል። ከአባቱ ጋር በቅሎ ሊገዛ ወገዳ ገበያ መጥቶ ሳለ እታለም በሩቁ አይታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲነሳ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እኔ ሠርግ ማለት ዘፈንና ሥጋ መስሎኝ ስፈነጥዝ ከረምኩ። ሙሽራዪቱ ከሠርጉ በኋላ የት እንደምታድር ማንም አልነገረኝም፤ እኔም መቼ ጠየቅሁ።

ገና እንዳለፈ እታለም ታመመች። መጀመሪያ ምግብ አስጠላት። ከዚያ ጎኔን አለች። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ከደጅ አውጥታ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞረችና የዐይኗን ቆብ ወደ ታች ገልጣ አየች። እኔም በክንዷ ሥር ሾልኬ አየሁ። ነጩ ቢጫ ሆኗል። እናቴ ደረቷን ደቃች። የወፍ በሽታ ነው።

በኛ አገር የወፍ በሽታ የሚይዘው ወፍ በላይ ስታልፍ ነው ይባላል። ትልልቆቹ የሌሊት ወፍ ናት ይላሉ። የሌሊት ወፍ ደግሞ ጥቁር ናት፤ ጥቁር ወፍ ቢጫ በሽታ ከየት ታመጣለች? ይሄ አልዋጥልኝ አለ። እኔ የማውቃት ቢጫ ወፍ አለች። ከመታመሟ በፊት እታለም ቅርጫት ልታግዘኝ ጨፌ ወርዳ ሳለ አንዲቱ ወዝዋዜ ተነስታ በአናቷ ላይ ብርር ስትል በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ይህን ለእናቴ ብነግራት ዝም በይ፣ ነገር አታብዢብኝ አለችኝ።

መድኃኒት አዋቂው አያ ፈንቴ ከቆላ ተጠርተው መጡ። ሥር ቀጥቅጠው በባዶ ሆዷ አጠጧት፤ ክንዷን በጋለ ብረት ተኮሷት፤ ቅቤና በርበሬ እርም ነው አሉ፤ ከጨለማው ጓዳ እንዳትወጣ አዘዙ። ሊሄዱ ሲነሱ አባቴ ተከትሏቸው ወጣና ትድናለች ወይ አላቸው።

«ያመጣችው ወፍ መልሳ እስክትወስደው ነው» አሉት። «ከወሰደችው ትድናለች። ካልወሰደችው እግዜር ያውቃል።»

ሠርጉ ቀረ አልተባለም፤ ከፋሲካ በኋላ ይታያል ተባለ። ነገር ግን የእስቴዎቹ ዐይኗ ካልነጻ ለልጃቸው ሌላ ሊያጩለት ነው የሚል ወሬ በገበያተኛ ደረሰን። ወገዳ የታጨች ልጅ በሕመም ተመለሰች ከተባለ ሌላ ጠያቂ ከየት ይመጣል? እናቴ ይህን እያሰበች ሊጡን እየረሳችው ከእቃው ይገነፍላል። እኔ ግን ከሁሉም የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወፏ መሄድ አለባት። ካልሄደች እታለም ትሞትብኛለች።

በማግስቱ ቅርጫቴን ጥዬ ማባረር ጀመርኩ። ጓል እወረውራለሁ፣ ነጠላዬን አራግባለሁ፣ እጮኻለሁ። ብርር ብለው ተነስተው ከወንዙ ማዶ ያርፋሉ። ወንዙን ስሻገር ወዲህ ይመለሳሉ። ወዲህ ስመለስ ወዲያ። ላሞቹ ደንብረው ያዩኛል፤ ከብት ጠባቂዎቹ ይቺ ልጅ ለከፋት እንዴ ይባባላሉ። ባዶ ቅርጫት ይዤ ስገባ እናቴ ትቆጣኛለች፤ የምትቆጣኝ እንኳ በግማሽ ልቧ ነው። ጓዳ ስገባ እታለም ገላዋን ትፎክታለች። እከኪልኝ ትለኛለች፤ ጀርባዋን በእንጨት አክክላታለሁ። ዛሬስ ስንቱን አባረርሽ ትለኛለች፤ ሁሉንም እላታለሁ። ትስቃለች፣ ሳቋ ግን ጉልበት የለውም። እንዲህ ስትስቅ አንጀቴን ትበላው ነበር።

ማባረሩ አልሆን ሲለኝ ቤታቸውን ላፈርስ ወሰንኩ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው አገር ለቆ ይሄድ የለ? ከወንዙ ዳር ካለው ግራር ላይ የሣር ጎጆዎች ተንጠልጥለዋል፤ በክረምት ቢጫ ወፎች ሲሠሯቸው አይቻለሁ። እንግዲህ ቢጫ ወፍ ቢጫ ወፍ ነው ብዬ ረጅም እንጨት ይዤ ወረድኩና አንድ በአንድ ደበደብኳቸው። ውስጣቸው ባዶ ነው። ደረቅ ሣር ራሴ ላይ ይረግፋል እንጂ የሚወጣ ነገር የለም።

ከዚያው እንዳለሁ እማሆይ ደረሱብኝ። እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው። ባላቸው እዚሁ አገራችን ባለው ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው ሲሞቱባቸው መንኩሰው ወደኛ ደብር መጡ። ሥራቸው ለቅዳሴ የሚሆነውን የመገበሪያ ስንዴ መልቀም፣ ማጠብ፣ ቁርበት ላይ ማስጣትና እስኪደርቅ ከወፍ መጠበቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀርከሃ ይዘው እሽ ሲሉ ይውላሉ። የረገፈውን ጎጆ አይተው ምን እያደረግሽ ነው አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ነይ አሉኝና እጄን ይዘው ከስንዴያቸው ዳር አስቀመጡኝ። በሕይወቴ ያን ያህል የተቀመጥኩት ያን ቀን ነው።

እነዚህን ጎጆዎች የሠራችው ሌላ ናት አሉኝ። እሷ ፊቷ ጥቁር ነው፣ ምንቃሯ ወፍራም ነው፣ እንደ ፌንጣ ትዘላለች፣ ስንዴ ላይ ካረፈች ታጠፋለች። ያንቺዋ ሌላ ናት። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ወዝዋዜ ከቁርበቱ ጫፍ አረፈች። እማሆይ ቀርከሃቸውን አላነሱም። ተመልከቺ አሉኝ፤ ምንቃሯ እንደ መርፌ ነው፣ እንደ ሰው እግሯን እያፈራረቀች ነው የምትሄደው፣ ጭራዋም አያርፍም። ወፏ በስንዴው መካከል እየተራመደች ዝንብ ብቻ እየለቀመች አለፈች። ከእህሌ አንዲት ፍሬ ወስዳብኝ አታውቅም አሉ።

ታዲያ ቤቷ የት ነው አልኳቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ጎጆዋን ፈልጌ አላገኘሁም። እንቁላሏን አየሁ ያለ ሰውም አልገጠመኝም። እዚህ እንግዳ ናት ልጄ።»

ከዚያ በእግራቸው ኢየሩሳሌም ደርሰው የተመለሱ አንድ መነኩሴ ያጫወቷቸውን አጫወቱኝ። መነኩሴው በሁዳዴ ማብቂያ ምስር አገር፣ ግብፅ ማለት ነው፣ ሲደርሱ፣ ከእርሻው ላይ እነዚህኑ ጭራ ወዝዋዦች በመንጋ አይተዋቸዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሰሜን ያዞሩ ናቸው። ስለዚህ እማሆይ ወፎቹ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ለመድረስ እንደሚሄዱ ተረድተዋል። እዚያ በጌታ መቃብር አጠገብ ይወልዳሉ፣ መስቀልን ከኛ ጋር ለማክበር ይመለሳሉ። ስለዚህ አታባሪያቸው አሉኝ፤ የሁዳዴ መጨረሻ ሳይደርስ አይሄዱም፣ ከዚያም ወዲያ ብትለምኛቸው አይቆዩም።

እንደኔ ላለች ልጅ ጠብቂ ማለት ምን ማለት ነው? ማባረሩ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጨፌ እወርዳለሁ፣ አሉ። ወደ ቤት እሮጣለሁ፣ እታለም ጓዳ ናት። ወደ ጨፌ እመለሳለሁ፣ አሉ። እናቴ እግርሽ ይቆረጥ፣ አርፈሽ ቁጭ በይ ትላለች፤ ደግሞ ወዲያው የአፌን አይስማኝ ብላ ታማትባለች።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ያየሁት ነገር ቆሌዬን ገፈፈው። ወፎቹ ቢጫ እየሆኑ ነው። በመስከረም አመድ መስለው የመጡት ሆዳቸው፣ ደረታቸው፣ ጉሮሯቸው ሁሉ እንደ አደይ አበባ እየበራ መጣ። በሽታው በረታ ማለት ነው ብዬ ቅርጫቴን እዚያው ጣልኩና እግሬ አውጪኝ አልኩ። ጓዳ ገብቼ እታለምን ጎትቼ ወደ በሩ ስንጥቅ አመጣኋትና ዐይንሽን አሳዪኝ አልኳት። አሳየችኝ። እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ቢጫው ሳስቷል። በማግስቱም አየሁ፣ በሳምንቱም አየሁ። እሷ እየነጻች፣ ወፎቹ ቢጫ እየሆኑ ሄዱ።

ያኔ ገባኝ። ቢጫው ከእታለም እየወጣ ወደ ባለቤቶቹ እየተመለሰ ነው! አያ ፈንቴ የተናገሩት ደረሰ። በደስታ የምሆነው ጠፋኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማባረሩን ትቼ መጋበዝ ያዝኩ። ትሉና ዝንቡ እንዲወጣላቸው እበቱን በእንጨት እገለብጥላቸዋለሁ፤ ብሉ፣ ጨርሳችሁ ውሰዱ እላቸዋለሁ። እናቴ የተበታተነ እበት ይዤላት ስገባ በዚህ ምን ልጠፍጥፍበት ብላ ራሷን ትይዛለች። እታለም ሽሮ መጉረስ ጀመረች። ከዚያ ጠላ ቀመሰች። ከዚያ አንድ ቀን ስገባ ጓዳውን ስትጠርግ አገኘኋት።

በሁዳዴ መጨረሻ አንድ ጠዋት ጨፌ ብወርድ ወፎቹ የሉም። ላሞቹ አሉ፣ እበቱ አለ፣ ዝንቡም አለ። ወዝዋዜ የለችም። ሄዱ፣ ሄዱ እያልኩ ዳገቱን በሩጫ ስወጣ ከደጃችን ሁለት በቅሎዎች ታስረው አየሁ። የእስቴዎቹ መጥተዋል።

የልጁ አባትና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። እናቴ ዘዴኛ ናት፤ ውጭ ፀሐይ ላይ አግዳሚ አውጥታ አስቀምጣቸዋለች። እታለም አዲስ ቀሚስ ለብሳ ማስታጠቢያ ይዛ ወጣች። አጎንብሳ በሰውየው እጅ ላይ ውሃ ስታፈስ፣ ሰውየው እጁን ዘርግቶ የሚያየው ዐይኗን ነው። ውሃው በጣቶቹ መካከል አልፎ ጫማው ላይ ይፈስሳል፤ አላወቀውም። እናቴ በር ላይ ቆማ ትንፋሿን ይዛለች። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ሰውየው ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ እጁን አራገፈና ልጃችሁ ድና የለ እንዴ አለ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ሆነ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም አብሬ እልል አልኩ። እልልታው ሲያባራ ቀሚሷን ጎትቼ እታለም ከሠርጉ በኋላ መቼ ነው የምትመለሰው አልኳት። እናቴ በደስታዋ ላይ ስለነበረች ፊቴን እንኳ አላየችም።

«ወዴት ትመለሳለች? ቤቷ መሄዷ አይደለም እንዴ!» አለችኝ።

እስቴ የት እንደሆነ አላውቅም፤ ከተራራው ባሻገር እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው። ወገዳን እንኳ በቅጡ አላውቅ። ያን ሁሉ ጊዜ ስሯሯጥ የከረምኩት እታለም እንዳትሄድብኝ ነበር። አሁን ዳነችና ልትሄድ ነው። ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው? ማንን ልውቀስ? ቅርጫቴን አንስቼ ለማንም ሳልናገር ወደ ጨፌ ወረድኩ።

ከወንዙ ዳር አንዲት ቀርታለች። መንጋው ጥሏት ሄዷል። ከሌሎቹ ይልቅ ፈዛዛ ናት፤ ጉሮሮዋ ነጣ ያለ፣ ሆዷ ላይ ብቻ ቢጫ የነካካት። እሷን ሳይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይቺ ድርሻዋን አልወሰደችም ማለት ነው። ድርሻዋ ገና እታለም ጋ ነው። ይቺ እስካልሄደች ድረስ ከዐይኗ ጥግ ትንሽ ቢጫ ይኖራል። ብዙ አልፈልግም፤ የሚገድል አልፈልግም። የእስቴዎቹ አይተው ይቅርብን የሚሉትን ያህል ብቻ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂ ሆንኩ። ውሻ ሲመጣ ድንጋይ አነሳለሁ። ከብት ጠባቂዎቹ ወደዚያ እንዳይነዱ እለማመጣለሁ፤ ከምሳዬ ቆሎ እሰጣቸዋለሁ። በጣቴ ጫፍ እራመዳለሁ። እኔ፣ ያቺ መቀመጫ ያልተፈጠረባት፣ እርጥብ ሣር ላይ በሆዴ ተኝቼ አንዲት ወፍ ስጠብቅ እውላለሁ። ወፏም አታርፍም፤ ትነሳና ዞራ ትመለሳለች፣ በተነሳች ቁጥር ነፍሴ አብራ ትነሳለች።

የፋሲካ ዋዜማ ላይ እታለም ራሷ ወረደች። ከጓዳ ከወጣች ወዲህ ጨፌ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ከኋላዬ ቆማ ምን እየጠበቅሽ ነው አለችኝ። እንዳትጮህብኝ አፏን በእጄ ልይዝ ምንም አልቀረኝ። ቀስ ብዬ ወፏን አሳየኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ቢጫውን ማን እንደወሰደው፣ ይቺ ድርሻዋን እንዳልወሰደች፣ እስካለች ድረስ ሠርጉ ላይሆን እንደሚችል። ስናገር እንባዬ ይወርዳል፤ ድምፄን ግን አልጨመርኩም፣ ወፏ እንዳትሰማኝ።

እታለም አጠገቤ ቁጢጥ ብላ የዐይኗን ቆብ በጣቷ ወደ ታች ሳበች።

«እስቲ እዪ። አለ?»

አየሁ። ዐይኗ ንጹሕ ነው፤ ከኔ ዐይን የነጻ ነው።

«አለ» አልኳት።

ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። አልተቆጣችኝም።

«ጥር ላይ በዚያ ጓዳ ውስጥ መሞቴ ነው ብዬ ነበር» አለችኝ። «አሁን መሄድ ነው የምፈልገው። ሰማሽኝ? እኔ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ብድግ አለችና ሁለት እጇን አጨበጨበች። ወፏ ደንግጣ ተነሳች። በላያችን አንዴ ዞረች፣ ከዚያ ወንዙን ይዛ ከፍ እያለች ወደ ሰሜን ሄደች። እታለም አንገቷን ቀና አድርጋ እስክትጠፋ ድረስ በዐይኗ ተከተለቻት። ከዚያ ቅርጫቴን ከመሬት አነሳች፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰበሰበች፣ ዳገቱንም በሩጫ ወጣችው። እህቴ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር።